የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ የማሳችን ካርታ

ዘንድሮ ክበባችን ችግኝ ብቻ አልተከለም። የአካባቢያችን የእርሻ አፈር ምን ያህል ካርቦን ሊያከማች እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ ሠርቷል። «ይሄ የዩኒቨርሲቲ ሥራ አይደለም ወይ?» ያሉን ባልደረቦች ስለነበሩ ነገሩን ላስረዳ።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲህ ያለ የዓለም ካርታ አውጥቷል። የእርሻ መሬት አያያዙ ቢሻሻል የላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር አፈር በ20 ዓመት ውስጥ ምን ያህል ካርቦን እንደሚጨምር ይገምታል። ትልቅ ሥራ ነው። ግን እያንዳንዱ ነጥብ 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያ ላይ ጓሮ ያለው አረዳም (ፍግና አመድ የሚደፋበት ለም አፈር)፣ ሜዳው ላይ ያለው መረሬም (ጥቁር አፈር) አንድ ቀለም ይሆናል። የባሶና ወራና ወረዳ ገበሬ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ስም ጠርቷቸው አያውቅም። ልጆቻችን የሠሩት ይህንን ልዩነት ነው።

ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተካሂደዋል። የሰኔው ዐውደ ርእይም በሰላም አልፏል።

በጥር ወር ያደረግነውን ጉዞ ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም። አዝመራው ተሰብስቧል፣ ውርጩ ገና አልለቀቀም። ልጆቹ ከየቤታቸው ባመጡት ዶማና አካፋ ቆፈሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ አስፈቅደን አንድ ጓል ወሰድን፤ ከአጥሩ ማዶ ካለው የገብስ ማሳም ሌላ ጓል አነሳን። ሁለቱንም ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመርናቸው። የቅጽሩ ጓል እንዳለ ቆየ። የማሳው ወዲያው ፈራረሰ፣ ውሃውም ደፈረሰ። አፈሩ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ ላይ ግን ስንት ዘመን ቅጠል ረግፎበታል። ከሌላው ገለባው ለከብት፣ እበቱ ለማገዶ ሲወሰድ ኖሯል። አፈሩን አያይዞ የሚያቆመው ደግሞ ያ የበሰበሰ ቅጠልና ፍግ ነው፤ ካርቦኑም ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ብርጭቆውን ትኩር ብላ አየችው። «ቲቸር፣ እማዬ ስትጠፈጥፍ የኖረችው ማሳችንን ነዋ!» አለች። ቤታቸው ደብረ ብርሃን ገበያ ኩበት እያወጣ የሚተዳደር ነው። ትንሽ ቆይታ «ታዲያ እበቱ ማሳው ላይ ከቀረ እንጀራው በምን ይጋገራል?» ብላ ጠየቀችኝ። በመምህርነት ዘመኔ እንደዚህ ልቤን የነካው ጥያቄ የለም። ማገዶ ላጣ ሰው ካርታ ብቻውን ምንም አይፈይድለትም። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ዕቅዳችን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃንም ይጨምራል።

ካርታው ላይ ደማቅ አረንጓዴ የቀባነው ለሙን መሬት ሳይሆን ገና ብዙ ካርቦን ሊጨምር የሚችለውን ነው። አረዳው ፍግና አመድ ሲደፋበት ስለኖረ ብዙም አይጨምርም። ለካርቦን ብዙ ቦታ ያለው የተራቆተው፣ ሸክላ አፈር የበዛበት ማሳ ነው፤ ሸክላ ካርቦንን ይዞ ያቆያል። የመረሬው ጥቁረትም ሊያታልለን አይገባም፤ አፈር ስለጠቆረ ብቻ ካርቦን አለው ማለት አይደለም። አንድ አባት «የኔን መናኛ መሬት ነው እንዲህ ያሳመራችሁት?» ብለው ሲጠይቁ ልጆቹ ተሻምተው አስረዷቸው። ከመንደሩ ሰው ጋር ቆሞ እንዲህ መነጋገር የትኛውም ፈተና ላይ አይገኝም።

ናሙናዎቻችን ላቦራቶሪ አልገቡም፤ የምርመራ ክፍያ አጣን። ስለዚህ ካርታው የካርቦኑን መጠን በቁጥር አያሳይም፤ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ብሎ ብቻ ይለያል። የአፈሩን እፍግታ (ምን ያህል እንደታመቀ) የለካነው በቲማቲም ጣሳና ከባለሱቅ በተዋስነው ሚዛን ነው። በየዓመቱ ለማልያ የሚገኝ ገንዘብ ለአፈር ምርመራ ሲሆን ለምን እንደሚጠፋ አይገባኝም።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትን (ወተመህን)፣ ወላጆችንና የቀድሞ ተማሪዎቻችንን የምንጠይቀው አንድ የአፈር መሰርሰሪያ፣ አንድ ሚዛንና የላቦራቶሪ ክፍያ ነው። ካርታው ቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ተሰቅሏል። መጥታችሁ ማሳችሁን ፈልጉበት። የተሳሳተ ካለ ለክበቡ ልጆች ንገሯቸው፤ መስከረም ላይ እናርመዋለን።