ደጋግሞ የሚሰማ ትምህርት ለተማሪዎቻችን፦ ለጋራ የፖድካስት ሥራችን የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ተመራቂዎችና የትምህርት ወዳጆች፦

ለመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጫጭር የድምፅ ትምህርቶችን (ፖድካስት) አዘጋጅተን በነፃ ለማዳረስ ተነሥተናል። ሥራውን የጀመርነው መምህራንና ከፍ ያለ ዓመት ላይ የደረሱ ተማሪዎች ተሰባስበን ነው። ለድምፃችንም ሆነ ለዝግጅቱ ለምናጠፋው ጊዜ ክፍያ አንጠይቅም። በበጎ ፈቃድ ብቻ ሊሸፈን ያልቻለ ወጪና ጉልበት ግን አለ፤ ይህን ጥሪ ያቀረብነውም ለእሱ ነው።

ሌክቸር አንዴ ተነግሮ ያልፋል። አዳራሹ በተማሪ ሲሞላ መምህሩ የእያንዳንዱን ፊት አይቶ ፍጥነቱን ማስተካከል አይችልም። አንዱ ተማሪ ከመነሻው የተነገረውን ትርጉም ሳይጨብጥ ማብራሪያው ሦስት እርምጃ ቀድሞት ይሄዳል፤ እጁን አውጥቶ «እዚያ ጋ ይድገሙልኝ» የሚል ደግሞ ጥቂት ነው። ሃንድአውቱ ላይ ፎርሙላው ሰፍሯል፤ መምህሩ ፎርሙላውን ሲያፍታታ በቃሉ የተናገረው ግን የትም አልተጻፈም። ፈተና ሲቃረብ ተማሪው የሚፈልገው ያንኑ በቃል የተነገረውን ነው። ቀረጻ ቢኖረው ያቆመዋል፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ማንንም ሳያፍር አምስቴም ይሰማዋል። ትምህርቱ በሚሰጥበት ቋንቋ ገና ያልበረታ ተማሪ ከዚህ የበለጠ ይጠቀማል፤ ያልገባው ሐሳቡ ይሁን ቃሉ ለይቶ ለማወቅ ጊዜ ያገኛልና።

በድምፅ ማስተማር ራሱ የቆየ ነው። የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1971 ማስተማር ሲጀምር ከመነሻው የቢቢሲን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠቀም ነበር። የሬዲዮ ችግሩ ሰዓቱ ነው፤ ስርጭቱ ሲተላለፍ ያልደረሰ ተማሪ አመለጠው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የድምፅ ፋይል አርኤስኤስ በተባለ የኢንተርኔት ዘዴ አማካይነት በራሱ ወደ አድማጩ መሣሪያ መውረድ ሲጀምር ይህ ችግር ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ አይፖድ የተባለውን የኪስ ድምፅ ማጫወቻ አደለ፤ የእንግሊዙ ሌስተር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከ2006 ጀምሮ ኢምፓላ በተባለ ፕሮጀክት ፖድካስት ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምን ያህል እንደሚበጅ ከሌሎች ተቋማት ጋር ሆኖ ሲያጠና ቆየ። ዛሬ መሣሪያ ማደል የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ አብዛኛው ተማሪ ማድመጫውን በስልኩ ይዞ ይዞራል። የጎደለው በጥንቃቄ የተሠራ ይዘት ነው።

«ታዲያ ተማሪው ክፍል መግባቱን አይተውም ወይ?» የሚሉ መምህራን አሉ። ስጋታቸውን በቀላሉ አናየውም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት የሳይኮሎጂ ተማሪዎችን በሁለት ከፍሎ፣ አንዱ ወገን ሌክቸሩን ተቀምጦ እንዲከታተል፣ ሌላው ደግሞ የዚያኑ ሌክቸር ፖድካስት እንዲሰማ አደረገ። በፈተናው ፖድካስት የሰሙት በአማካይ በለጡ፤ ብልጫው የታየው ግን እየሰሙ ማስታወሻ በያዙት ላይ ነው። ሙከራው የተሠራው በአንድ ሌክቸር ላይ ስለሆነ መምህር አያስፈልግም ለማለት አይበቃም፤ እኛም እንዲህ አንልም። ከውጤቱ የወሰድነው ሌላ ነገር ነው፤ ተማሪውን የጠቀመው እጁንና ሐሳቡን ሥራ ላይ አውሎ መስማቱ ነው። ስለዚህ ሙሉ ሌክቸር ቀድተን አንለቅም። የአንድ ሰዓት ቀረጻ ውስጥ የአዳራሹ ጫጫታ፣ «እዚህ ጋ እንደምታዩት» እየተባለ ወደማይታይ ሰሌዳ መጠቆም፣ የፈተና ቀን ማስታወቂያ ሁሉ አብሮ ይገባል። እኛ የምንሠራው 10 ደቂቃ ግድም የሚፈጅ፣ ተማሪ በተደጋጋሚ የሚሰናከልበትን አንድ ነጥብ ብቻ ይዞ የሚያብራራ የፖድካስት ክፍል ነው።

ለምሳሌ በስታቲስቲክስ ፒ-ቫልዩን እንውሰድ። ውጤቱ 0.03 ሲሆን ብዙ ተማሪ «መነሻ መላምቱ (ለምሳሌ ‹ልዩነት የለም› የሚለው ግምት) እውነት የመሆን ዕድሉ 3 በመቶ ነው» ብሎ ይጽፋል። ስሕተት ነው። ቁጥሩ የሚለው፣ መላምቱ እውነት ቢሆን ኖሮ አሁን ያገኘነውን ያህል ወይም ከዚያ የራቀ ውጤት የማግኘት ዕድሉ 3 በመቶ ነው። ሁለቱ አባባሎች በወረቀት ላይ ጎን ለጎን ሲነበቡ ይመሳሰላሉ። በድምፅ ግን ሁለት ተማሪዎች ይከራከሩበታል፤ አንዷ በስሕተቱ ትጸናለች፣ ሌላው ሊያስረዳት ይሞክርና መንገድ ላይ ይጠፋበታል፣ መምህርቷ ትገባና የቱ ላይ እንደሳቱ ታሳያቸዋለች። አድማጩ የራሱን ስሕተት በሌላ ሰው አንደበት ሲሰማው በደንብ ያውቀዋል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ከድምፅ የተሻለ መንገድ አላገኘንም።

በእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ቦታ ላይ ቆም ብለን ጥያቄ እንጠይቃለን፤ «አሁን አቁመው፣ መልስህን ጻፍና ቀጥል» እንላለን። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ምንባቡን ደግመው ካጠኑት ይልቅ ያነበቡትን ከራሳቸው አውጥተው ለማስታወስ የሞከሩት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ አብልጠው አስታውሰዋል። ዝም ብሎ መስማት ያወቁ ያስመስላል፤ ቆሞ መመለስ ግን ያልያዙትን ያሳያል።

ለድምፅ የማይሆነውን አንነካውም። ረጅም የሒሳብ ማረጋገጫ፣ የኬሚካል መዋቅር ሥዕል፣ የሰውነት ክፍሎች ካርታ ዓይን ይፈልጋሉ፤ የነዚህ ቦታ ሰሌዳውና መጽሐፉ ነው።

ድምፅ የመረጥንበት ሌላው ምክንያት ክብደቱ ነው። ለንግግር በሚበቃ ጥራት፣ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር ብቻ) እና በሰከንድ በ64 ኪሎቢት የተጨመቀ የ10 ደቂቃ ፋይል 4.8 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። በመጀመሪያው ዙር ያቀድነው ስምንት የትምህርት ዓይነቶችን፣ ለእያንዳንዱም 15 ክፍሎችን ነው፤ በድምሩ 120 ክፍሎች ማለት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ 576 ሜጋባይት ነው። ተማሪው ኢንተርኔት ባገኘበት አንድ አጋጣሚ አውርዶት፣ ከዚያ በኋላ ያለ ዳታ ሴሚስተሩን ሙሉ ሊሰማው ይችላል፤ ከጓደኛው ስልክም ሊቀበለው ይችላል።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ብዙ ሰው ፖድካስት ሲባል የሚያስበው ስቱዲዮና ውድ ዕቃ ነው። እኛ የምንፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ሁለት ዳይናሚክ ማይክሮፎን፣ ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ አንድ የድምፅ ካርድ፣ ማዳመጫ። ዳይናሚክ የመረጥነው በቂ የድምፅ መከላከያ በሌለው ተራ ክፍል ውስጥ ማስተጋባቱን ብዙም ስለማይስብ ነው። ኤዲት የምናደርገው በአውዳሲቲ ነው፤ ሶፍትዌሩ ነፃ ነው። ከምንሰበስበው ገንዘብ ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው፤ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ።

ለምን? በዩኒቨርሲቲ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች አሉ። ፖድካስት ብቻ አውጥተን ጽሑፉን ካልሰጠን በነፃ ትምህርት ስም እነሱን ደጅ ዘግተንባቸዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የደረሰበትን ሁላችንም ልናውቀው ይገባል። ለዓመታት ለዓለም ክፍት ያደረጋቸው የሌክቸር ቅጂዎች መስማት የተሳናቸውን ሰዎች አያስተናግዱም የሚል አቤቱታ ቀረበበት፤ የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2016 አቤቱታውን ትክክል ነው አለ። ዩኒቨርሲቲው በ2017 ከ20 ሺህ በላይ የቪዲዮና የድምፅ ቅጂዎችን ከሕዝብ እይታ አነሣ። ተጠቃሚው ሁሉ ተጎዳ፤ ጥፋቱን ግን አቤት ባዮቹ ላይ የሚጥሉትን አንቀበልም። የጠየቁት መብታቸውን ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ቢሠራ ኖሮ ቤተ መዛግብቱ ዛሬም ክፍት ይሆን ነበር። በኋላ እንሠራዋለን የተባለ ግልባጭ ሺህ ፋይል ከተከመረ በኋላ አይሠራም። ስለዚህ በመካከላችን የጸና ደንብ አለ፤ ግልባጩ ያላለቀ ክፍል አይለቀቅም።

ግልባጭ ሌሎችንም ይጠቅማል፤ ፈተና ሲደርስ አንድ ቃል ፈልጎ ማግኘት የሚቻለው በጽሑፍ ነው። ሥራው ግን ቀላል አይደለም። ልምድ ያለው ሰው እንኳ የአንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ በተለምዶ አራት ሰዓት ግድም ያስፈልገዋል። የእኛ 120 ክፍሎች 20 ሰዓት ድምፅ ናቸው፤ እርማቱን ሳይጨምር 80 ሰዓት የጽሑፍ ሥራ ማለት ነው። አውቶማቲክ መገልበጫዎች ያግዛሉ፣ እንጠቀምባቸዋለን። ይሁን እንጂ ሙያዊ ቃል ላይ ይስታሉ፤ ብዙ የተጻፈ ሀብት ባልተከማቸላቸው ቋንቋዎች ደግሞ ይብስባቸዋል። አንድ «አይደለም» የዘለለ ግልባጭ ተማሪውን ተቃራኒውን ያስተምረዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ገጽ የሙያው ሰው ያነባል። ለገልባጮቹ ክፍያ የምንሰጠው ሆን ብለን ነው፤ አብዛኞቹ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ ተማሪዎች ናቸው፣ ይህን ያህል ሰዓት በነፃ ስጡ ማለት አይገባም።

ከግልበጣ ቀጥሎ ወጪ የሚጠይቀን ኤዲት ማድረግና ለፋይሎቹ ማስቀመጫ የሚሆን ሰርቨር ነው። ዕቃው መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ያገለገለ ማይክሮፎን ወይም ማዳመጫ ያለው ሰው ቢሰጠን የዚያን ያህል ገንዘብ ወደ ግልበጣው እናዞራለን።

ገንዘብ መስጠት ያልቻለ ሰው ከዚህ ሥራ ውጭ አይደለም። መምህራን፣ የእርማት ወረቀት ስታነቡ በየዓመቱ የምታገኙትን ያንኑ ስሕተት ጽፋችሁ ላኩልን፤ የምንሠራቸውን ርእሶች የምንመርጠው ከዚያ ነው። ከኮርሱ በቅርብ ያለፋችሁ ተማሪዎች፣ ረቂቁን አንብባችሁ «እዚህ ጋ አልገባኝም» በሉን፤ መምህር የማያየው ቀዳዳ ለእናንተ ይታያችኋል። ማየት የተሳናችሁ ተማሪዎችም ፋይሎቹ በስክሪን አንባቢ (በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) በቀላሉ መገኘታቸውን እንድትፈትሹልን እንለምናለን።

የሚሠራው ሁሉ ክሪኤቲቭ ኮመንስ በተባለው የነፃ አጠቃቀም ፈቃድ ይወጣል። ምንጩን እስከጠቀሰና የራሱንም ቅጂ በዚያው ፈቃድ እስካወጣ ድረስ ማንም መምህር ክፍሉን ቆርጦ፣ ተርጉሞ፣ አሻሽሎ ሊያስተምርበት ይችላል። የማንም መምህር ድምፅ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ አይቀዳም፤ ሐሳቡን የለወጠ መምህርም ክፍሉ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ከገንዘብ ሰጪ ማስታወቂያ አንቀበልም፣ በይዘቱም ላይ ቃል የለውም።

ገንዘቡ የሚቀመጠው ከሦስት ፈራሚዎች ፊርማ ውጭ በማይንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ነው፤ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ምን እንደገባ፣ ለምን እንደወጣ፣ ስንት ክፍል ከነግልባጩ እንደተለቀቀ ለሁሉም ደጋፊ እናሳውቃለን። ከታቀደው ያነሰ ቢሰበሰብ የትምህርት ዓይነቶቹን ቁጥር እንቀንሳለን፤ ግልባጩን ግን አንቀንስም። ከፍ ያለ ቢሰበሰብ ዘጠነኛውንና አሥረኛውን እንጀምራለን።

የአንድን ክፍል ሙሉ የግልበጣ ወጪ ብቻውን የሚችል ካለ እሰየው፤ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ለሚሸፍንም ምስጋናችን እኩል ነው። ድጋፋችሁን ስትልኩ የትኛው የትምህርት ዓይነት ላይ እንዲውል እንደምትፈልጉ ጻፉልን። ካልጻፋችሁ መጀመሪያ ለስታቲስቲክስ እናውለዋለን፤ የ15ቱም ክፍሎች ጽሑፍ ተረቅቆ ያለቀው የእሱ ነው፣ የቀረው ቀረጻውና ግልበጣው ነው።