የፊዚክስ ክበብ፦ ቆርኪዎች የተሰለፉበት ዓመት

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ቁማር ይመስል ነበር። ተማሪዎቹ ካርቶን ላይ 12 ሳጥኖችን በክብ ሥለው፣ ከመምህራን ላውንጅ የለቀሙትን ቆርኪ እየደረደሩ ዳይስ ይጥላሉ። ጥያቄው ግን የምር ነው፦ መንገዱ እዚህ ፈጣን፣ እዚያ ቀርፋፋ ሲሆን ቅንጣቶች እንዴት ይጓዛሉ?

መጀመሪያ አንድ ቆርኪ ብቻውን አስኬድን። ከ6ቱ ሳጥኖች በእያንዳንዱ ውርወራ ወደ ፊት ይዘልላል፤ ከቀሩት 6 የሚወጣው ግን 1 ወይም 2 ሲወጣ ብቻ ነው። የመዝለል ዕድሉ በአማካይ ሁለት ሦስተኛ ስለሆነ ዙሩ 18 ውርወራ ይፈጃል ብለው ሁሉም ተስማሙ። ደጋግመው ሲቆጥሩ ግን አማካዩ ወደ 24 ተጠጋ። ለካ በቀርፋፋው ሳጥን አማካይ ቆይታ 3 ውርወራ ነው፤ 6 እና 18 ሲደመር 24። መደመር ያለበት ቆይታው እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። በአማካይ ውጤት ደረጃ የምንሰጥ መምህራንም ብናስብበት አይከፋም።

ነገሩ የጣመው ቆርኪዎቹ ሲበዙ ነው። ባለተራው በዕጣ ይለያል፤ ፊቱ ያለው ሳጥን ከተያዘ ባለበት ይቆያል። አንድ ቀርፋፋ ሳጥን ብቻ ስንተው ከኋላው ሰልፍ፣ ከፊቱ ባዶ ሜዳ ሆነ። በበዓል ዋዜማ በአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የክፍያ በር ላይ የቆመ ሰው ያውቀዋል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ቆርኪዎቹን ትታ ባዶዎቹን ሳጥኖች በጣቷ ትከተል ጀመር፤ «ባዶው ወደ ኋላ እየሄደ ነው» አለች። እውነቷን ነው፤ ቆርኪ በዘለለ ቁጥር ባዶ ቦታ በዚያው ሕግ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ሳጥኖቹ ሁሉ እኩል ሲሆኑ ፍሰቱ የሚበረታው መንገዱ በግማሽ ሲሞላ የሆነውም ለዚህ ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት፣ መብራት ባልጠፋባቸው ቀናት፣ ረጅሙን መንገድ ለኮምፒውተር ሰጠነው። ሁለት ቀርፋፋ ሳጥኖች ጎን ለጎን ሲሆኑ ተራርቀው ከሚቀመጡበት ይልቅ ፍሰቱን ይበልጥ ይጎዳሉ። ብቻውን ለሚሄድ ቆርኪ ግን የትም ይሁኑ የት ልዩነት የለውም። የባዮሎጂ መምህራችን ይህን ሲሰሙ በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን ስለሚሠራው ስለ ራይቦዞም አስረዱን፤ ይህ ዓይነቱ ሞዴል በ1968 እ.ኤ.አ. የቀረበው ራይቦዞሞች የፕሮቲኑን መመሪያ በያዘው ረጅም ሞለኪውል፣ በኤምአርኤንኤ ላይ ተከታትለው ፕሮቲን ሲሠሩ የሚሆነውን ለመግለጽ ነበር።

ለከርሞ ክቡን ቆርጠን በአንድ ጫፍ የሚያስገባ፣ በሌላው የሚያስወጣ መንገድ እንሠራለን። ቆርኪ ያላችሁ ለቤተ ሙከራው ኃላፊ አስረክቡ፤ የተጣመመ ግን አንቀበልም።