ሦስቱም መውደቅ የሁላችን ነበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ጌም ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው እንኳ በየስክሪናቸው ተቀብረው ስለሚውሉ አብሮ መኖርን ይረሳሉ የሚል ነበር። ስጋቱ ይገባኛል። እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ግን ያኔ እኛ አብረን ጌም ስንጫወት በር ላይ ቆሞ ያየን ሰው ቢኖር ያንኑ ይል ነበር። አራት ሰው፣ አራት ትንንሽ ስክሪን፣ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ። በዚያ ክፍል ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ነው የተነሣሁት።

እኛ የምለው እኔን፣ ታናሽ እህቴን፣ የአክስታችንን ልጅና የቤቱን የመጨረሻ ወንድማችንን ነው። ጨዋታው ሞንስተር ሃንተር ፍሪደም ዩናይት ይባላል። የጃፓኑ የጌም ኩባንያ ካፕኮም ፒኤስፒ ለሚባለው በእጅ የሚያዝ የሶኒ መጫወቻ የሠራው ነው። በጃፓን እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ፣ በሌሎች አገሮች ደግሞ በ2009።

ለማያውቀው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አዳኝ ትሆናለህ። አንድ ግዙፍ አውሬ ለመግደል ወይም በወጥመድ ለመያዝ ትወጣለህ። ብዙውን ጊዜ 50 ደቂቃ ይሰጥሃል። አውሬው ስንት ጉልበት እንደቀረው የሚያሳይ ምልክት የለም። ሲያነክስ ካየኸው ሊሞት ደርሷል ማለት ነው። ሌላ የሚገርመኝ ነገር፣ አዳኙ ራሱ ደረጃ የሚባል ነገር የለውም። በሌሎች ጌሞች ብዙ በተጫወትክ ቁጥር ሰውየው እየጠነከረ ይሄዳል። እዚህ ከገደልከው አውሬ ቆዳና አጥንት የምታሠራው ልብስና መሣሪያ ይሻሻላል። ከዚያ ውጪ የሚጎብዘው የገዛ ዓይንህና ጣትህ ነው።

አንድ አደን ላይ እስከ አራት ሰው መውጣት ይችላል። እዚህ ላይ ነው ዋናው ሕግ ያለው። አዳኝ ሲወድቅ ድመቶች ጋሪ ላይ ጭነው ወደ ሰፈር ይመልሱታል። ሦስት ጊዜ ውድቀት ከተቆጠረ አደኑ ከሸፈ። ሦስቱ የሚቆጠረው ታዲያ በሰው አይደለም። ለአራታችንም በጋራ ሦስት ነው። አንዱ ብቻውን ሦስቴ ቢወድቅ የአራቱም ልፋት ገደል ገባ።

ወንድሜ ያኔ 12 ዓመቱ ነበር። ትልቁን ሰይፍ ይወድ ነበር፤ ከቁመቱ የሚበልጠውን። ችግሩ ያ ሰይፍ ከባድ ነው። አንዴ ከሰነዘርክ መመለሻ የለህም። የምናድነው ቲግሬክስን ነበር። ቲግሬክስ በአራት እግሩ እየተንደረደረ ይመጣል፣ ያልፍሃል፣ ዞሮ ደግሞ ይመጣል። ወንድሜ ሰይፉን አንሥቶ ሲጠብቅ አውሬው ይደርስበታል። አንዴ ወደቀ። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ ሁላችንም ጮኽንበት። በጣም የጮኽኩት ደግሞ እኔ ነኝ። "በቃ፣ ሰፈር ቁጭ በል! እንዳትመጣ!" አልኩት።

ቁጭ አለ። በስክሪኑ ላይ አዳኙ ድንኳኑ አጠገብ ዝም ብሎ ቆሞ ይታየኛል። እኛ ሦስታችን ጨረስነው። ከገላው የየድርሻችንን ስንቆርጥ እሱ አልነበረም። "ጋሼ፣ ጎበዝ ናችሁ" አለኝና ፒኤስፒውን አልጋው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ሁለት ወር አልነካውም።

ይህን ሳስብ ዛሬም ይቆረቁረኛል። ጨዋታው ሦስቱን መውደቅ ለአራታችን የሰጠን እንድንሸካከም ነበር። እኔ ግን ደካማውን አውጥቼ ማሸነፍን መረጥኩ።

የመለሰችው እህቴ ናት። ምንም አልመከረችውም። አንድ ቀን ማታ አጠገቡ ተቀመጠችና መለከቱን አሳየችው። በጨዋታው ውስጥ የአደን መለከት የሚባል መሣሪያ አለ። እንደ መዶሻ ይመታል፣ ጭንቅላቱን ደጋግመህ ካገኘኸው አውሬው ዞሮበት ይወድቃል። ዋናው ነገር ግን ይነፋል። ድምፆቹን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከነፋህ ለጓደኞችህ ሁሉ ኃይል ይጨምራል፣ ቁስል ያሽራል። እንደ መለከቱ ዓይነት አውሬው ሲያገሳ ጆሯችንን ይዘን እንዳንደነዝዝ የሚያደርግ ዜማም አለ። ወንድሜ ዜማዎቹን ወረቀት ላይ በባለቀለም እርሳስ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

መለከት የሚነፋ ሰው እየነፋ መሸሽ አይችልም። ስለዚህ "ልነፋ ነው!" ሲል ሦስታችን አውሬውን ከእሱ እናርቃለን። አንዱ ፊቱ ይሮጣል፣ ሌላው ጅራቱን ይመታል። ከዚህ በኋላ ነው አብረን ማደን የጀመርነው ብል አላጋነንኩም። በፊት እኮ አራት ሰው አንድ አውሬ ዙሪያ ለየብቻው ይጫወት ነበር። እኔ ራሴ ረጅሙን ሰይፍ ይዤ ስወናጨፍ የአክስቴን ልጅ ስንቴ ጠልፌ ጥያታለሁ።

ወደ ቲግሬክስ ስንመለስ ሁለቴ የወደቅኩት እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ወንድሜ ከስክሪኑ ቀና ሳይል "ጋሼ አይዞህ፣ አንድ ቀርቶናል" አለኝ። ቀርቶሃል አላለም። ከጋሪው ወርጄ ስሮጥ እሱ ቁስል የሚያሽረውን ዜማ እየነፋ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጨዋታ በራሱ ኢንተርኔት አልነበረውም። ፒኤስፒዎቹ በቅርብ ርቀት በገመድ አልባ ነው የሚገናኙት። ለመጫወት አንድ ቦታ መሰብሰብ ግድ ነበር። ዓይናችን ስክሪን ላይ ቢሆንም ጆሯችን እርስ በርስ ነው። እህቴ ትንፋሿን ስትይዝ መድኃኒት እንዳለቀባት እናውቃለን። ከእያንዳንዱ አደን በኋላ ደግሞ እጅ ማፍታታት አለ፤ የጨዋታውን ካሜራ፣ ማለትም የምናይበትን አቅጣጫ፣ ለማዞር ግራ አመልካች ጣትን እንደ ጥፍር አጥፎ መያዝ ያስፈልግ ስለነበር ጣት ይደርቃል። የሰይፍ መሳያውን ሞረድ አንተ አምጣ፣ ወጥመዱን እኔ እይዛለሁ የምንባባለው በዚያች እረፍት ነው።

አሁን ጊዜው ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የዚሁ ተከታታይ ጨዋታ ሞንስተር ሃንተር ወርልድ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ2025 የወጣው ዋይልድስ ደግሞ ለትልልቆቹ ኮንሶሎችና ለኮምፒውተር ነው የተሠራው። በኢንተርኔት መጫወትን አልጠላም። ወንድሜ ዛሬ ሌላ አገር ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ማታ ስዊች በሚባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ፣ በ2021 በወጣው ሞንስተር ሃንተር ራይዝ፣ አብረን እናድናለን፤ ስልካችንን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን። ይህ ባይኖር ኖሮ በዓመት አንዴ ነበር በወጉ የምናወራው። ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር ስወጣ ግን ልዩነቱ ይታየኛል። አንድ ሰው ሲወድቅ ወዲያው ጥሎ የሚወጣ አለ። ፊቱን አላየውም፣ ፊቴን አያየኝም።

ሌላም አለ። የኒንቴንዶ 3ዲኤስ የኢንተርኔት ጨዋታ በኤፕሪል 2024 ተዘግቷል። በዚያ ኮንሶል ላይ ያሉት የሞንስተር ሃንተር ጨዋታዎች ከሩቅ ሰው ጋር መጫወት ቀረ። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች ግን ዛሬም ይጫወቷቸዋል፤ ለዚያ የማንም ሰርቨር አያስፈልግም። ስለዚህ ጌም የሚሠሩ ሰዎች ያቺን የቅርብ ግንኙነት እንዳይተዋት እለምናለሁ።

ጽሑፉ ያነሣው የሰዓት ጉዳይ እውነት ነው። አንዲት ብርቅ የቆዳ ቁራጭ ፍለጋ ሌሊቱን ሙሉ የቆየንበት ጊዜ አለ። በማግስቱ ምንም የማይሠራ ሰው ነበርኩ። ለልጆቼ ያወጣሁት ደንብ በአደን የሚቆጠር ነው። በቀን ሁለት አደን፣ አለቀ። መሐል ላይ አጥፉ አልላቸውም፤ አብረዋቸው ያሉትን መጣል ይሆናላ። ሲጨርሱ ደግሞ ስንት ሰዓት ተጫወታችሁ ብዬ አልጀምርም። ማን ወደቀ፣ ማን አነሣው ብዬ ነው የምጠይቃቸው።

ጽሑፉን ለጻፉት ባልደረባችሁ ይህን አድርሱልኝ። እኔና ልጆቼ ሦስት ነን፣ አራተኛው ቦታ ክፍት ነው። ይምጡና አንድ አደን አብረን እንውጣ። ጋሻና ሰይፉን እንሰጥዎታለን፤ መሣሪያውን ወደ አፎቱ ሳይመልሱ መድኃኒት መጠጣት ስለሚቻል ለጀማሪ ይመቻል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ