የወንዙን አፍ ለመክፈት አንቸኩል

ክቡር አዘጋጅ፣

በጋዜጣችሁ ስለ ወንዞች የሚወጡት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ በርዝመታቸውና በውሃቸው ብዛት የታወቁትን ስለሚያወሱ፣ ከባሕር ዳር ኮረብታዎች ተነሥተው ብዙም ሳይጓዙ ወደ ባሕር ስለሚገቡት ትንንሽ ወንዞች ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

እንዲህ ያለው ወንዝ ተፋሰሱ ጠባብ በመሆኑ ዝናብ በዘነበ በሰዓታት ውስጥ ይሞላል፤ ሲያባራም ፈጥኖ ይጎድላል። በደረቁ ወራት ኃይሉ ሲደክም የባሕሩ ሞገድ አሸዋ እየገፋ አፉን ይዘጋዋል፤ ከአሸዋው ክምር ጀርባም ውሃው ተኝቶ ሐይቅ ይመስላል። በደቡብ አፍሪካ የባሕር ዳርቻ ከሚገኙት የወንዝ አፎች አብዛኞቹ እንዲህ አልፎ አልፎ የሚዘጉ ሲሆኑ፣ በካሊፎርኒያና በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያም ነገሩ የተለመደ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ግን ወንዙ የታፈነ ይመስለውና ማሽን አምጥቶ አሸዋውን መቁረጥን እንደ በጎ ሥራ ይቆጥረዋል። የምቃወመው ይህንን ነው።

በተዘጋው ውሃ ውስጥ ያለው ሕይወት ብዙ ነው። በካሊፎርኒያ ስቲልሄድ የሚባለው የትራውት ዓሣ ጫጩቶች ወደ ውቅያኖስ ከመውጣታቸው በፊት እዚያ ውስጥ በፍጥነት ያድጋሉ፤ ገዘፍ ብሎ የወጣውም በባሕር ውስጥ የመትረፍ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ታይድዎተር ጎቢ የተባለው፣ ርዝመቱ ከ5 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ ዓሣ ደግሞ ኑሮው በነዚሁ ውሃዎች የተወሰነ ሲሆን፣ ወንዱ አሸዋውን ቆፍሮ የሴቷን እንቁላል በጉድጓዱ ውስጥ ይጠብቃል። ይህ ዓሣ በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለመጥፋት ከተቃረቡት እንስሳት መዝገብ ገብቷል።

ጨዋማው ውሃ ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፣ ጨው አልባው ከላይ ይንሳፈፋል፤ የታችኛው ከአየር ጋር ስለማይገናኝ ኦክስጅኑ እየተመናመነ ይሄዳል። አሸዋው ያለ ጊዜው ሲቆረጥ አስቀድሞ የሚፈስሰው የላይኛው ንጹሕ ውሃ በመሆኑ፣ ዓሦቹ ከታችኛው ጋር ይቀሩና ታፍነው ሊያልቁ ይችላሉ፤ ውሃው በድንገት ሲሸሽም ጥልቀት በሌለው ዳር የተቆፈሩት የጎቢ ጉድጓዶች በደረቅ ላይ ይቀራሉ። ዝናቡ መጥቶ ጎርፍ ራሱ አሸዋውን ሲሰብር ግን ውሃው ከላይ እስከ ታች ይታጠባል፤ ለመራባት ወደ ላይ የሚወጡት ስቲልሄዶችም መግቢያ ያገኛሉ።

እርግጥ ነው፣ ውሃው ሲጠራቀም በዝቅተኛው ሜዳ ያሉ እርሻዎችና ቤቶች ይጥለቀለቃሉ፤ የባለቤቶቹን ጭንቀት አልንቅም። (ሜዳው ከጥንት የወንዙ መተኛ መሆኑን ግን ቤት የሚሠራ ሁሉ ቢጠይቅ መልካም ነበር።) አፉ ከወትሮው ረዝሞ ተዘግቶ ከቆየም፣ መመርመር ያለበት በላይኛው ተፋሰስ ለመስኖና ለመጠጥ ምን ያህል ውሃ እንደሚሳብ ነው፤ ምክንያቱም የቀነሰ ፍሰት አሸዋውን ለመስበር አቅም ያንሰዋል። ስለዚህ የሚመለከታቸው ባለሥልጣናት የመቁረጥ ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት በታችኛው ውሃ ያለውን የኦክስጅን መጠን እንዲያስለኩ፣ ዝናቡ የተቃረበ ከሆነም ጎርፉን እንዲጠብቁ፣ ጋዜጣችሁም ጉዳዩን በስፋት እንዲመለከተው በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ