ምሰሶዎቹን ረስተሃቸዋል

ለምወድህ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመርከብ ሞዴልህን ፎቶ አየሁት፤ እጅህ ይባረክ። ግን ቦይለሩን፣ ውሃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበትን ጋን፣ ሆዷ ውስጥ ቀብረኸዋል። የአሜሪካው የሚዙሪ ወንዝ የእንፋሎት መርከብ እኮ ሆድ የላትም! በ1870 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፍልህ) የተሠራችው ፋር ዌስት 58 ሜትር ያህል እየረዘመች፣ ጭነት ሳይኖርባት ውሃ ውስጥ የምትጠልቀው ግማሽ ሜትር ብቻ ነበር። ቦይለሩም፣ ሞተሩም፣ ማገዶውም ከውሃው በላይ ባለው ዋናው ወለል ላይ ነው የሚቀመጡት። አውጣው።

ከቦይለሩ ሥር የጭቃ ማውጫ ይኑረው። የሚጠጣው ያንኑ ድፍርስ ወንዝ ነው። ጭቃው እሳት የሚነካው ብረት ላይ ሲጋገር ውሃው ብረቱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፤ ብረቱ ይግላል፣ ይልማል፣ ይፈነዳል። ለዚህ ነው ቶሎ ቶሎ የሚጠረገው።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ከፊት ያሉትን ሁለት ምሰሶዎች መርሳትህ ነው። መርከቧ አሸዋ ላይ ስትቀመጥ ምሰሶዎቹ በግራና በቀኝ ወንዙ ወለል ላይ ይተከላሉ፣ አናታቸው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። በየምሰሶው ላይ መዘውር አለ፤ በመዘውሩ የሚያልፈው ወፍራም ገመድ አንዱ ጫፍ መርከቧ ጠርዝ ላይ ይታሰራል፣ ሌላው በእንፋሎት በሚዞር መጠቅለያ ላይ ይጠመጠማል። ገመዱ ሲጠበቅ አፍንጫዋ ብድግ ይላል፣ የኋላው መንኮራኩር ይገፋታል፣ ጥቂት ትራመዳለች። ምሰሶዎቹ ተነቅለው ወደ ፊት ይተከላሉ፤ እንደገና። ሠራተኞቹ «ፌንጣ» ይሉት ነበር፤ ደህና አድርገው ሰይመውታል።

አሸዋው ይታለፋል፤ የሚገድለው ውሃ ውስጥ የተጋደመ ግንድ ነው። አረቢያ የምትባለዋ መርከብ በ1856 በግንድ ተወግታ ሰጠመች። ወንዙ አቅጣጫውን ቀየረና በ1987 የተገኘችው እርሻ ሥር ነው፤ በ1988 14 ሜትር ገደማ ተቆፍሮ ተደረሰባት።

ማገዶውን አብዛው። ፋር ዌስት በቀን እስከ 30 ክምር ትበላ ነበር፤ አንዱ ክምር ቁመቱም ወርዱም 1.2 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.4። በ1876 ካፒቴኗ ግራንት ማርሽ የአሜሪካ ጦር ከነባሮቹ ሕንዶች ጋር ከተዋጋበት ከሊትል ቢግሆርን ጦርነት የተረፉትን ቁስለኞች ጭኖ 1,140 ኪሎ ሜትር ያህል በ54 ሰዓት ሲወርድ ምን ያህል እንጨት እንደነደደ አንተው አስላው።

የኛው ባሮስ ላልከኝ፣ ከካርቱም ጋምቤላ የሚመጡት መርከቦች በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ ብቻ ነበር የሚደርሱት።

ምሰሶዎቹን ከመለጠፍህ በፊት ፎቶ ላክልኝ።

አባትህ