ያላለቁት ዘፈኖች ማን ዘንድ ናቸው?

ለተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በወጣትነቱ የተቀጠፈ ሙዚቀኛ ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥር ጋዜጦችና ሬዲዮዎች «በሕይወት ቢኖር ምን ይሠራ ነበር?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ሁልጊዜ በግምት መታለፉ ግን ያሳዝነኛል፤ የመልሱ ግማሽ ብዙ ጊዜ በእጃችን አለና። ስልክ ላይ የተቀዳ የሁለት ደቂቃ እንጉርጉሮ አለ። ቅንብሩን እንዲመራ ለጊዜው የተቀዳ፣ እኛ ጋይድ የምንለው ድምፅ ስቱዲዮ ኮምፒውተር ውስጥ አለ። ለዜማ ደራሲው በቴሌግራም የተላከ የድምፅ መልእክት አለ። ሐዘኑ እስኪበርድ ማንም አይነካቸውም፣ ሲበርድ ደግሞ ያስታወሳቸው የለም፤ እንዲሁ ይጠፋሉ።

ኢዮብ መኮንን ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ለሕክምና በሄደበት ናይሮቢ ሲያርፍ በእጃችን የነበረው ሙሉ አልበም «እንደ ቃል» ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ለአድማጭ የደረሰው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲገደል ሁለት አልበሞች ነበሩት፤ ሦስተኛው «ማል መሊሳ» በሙት ዓመቱ፣ ሰኔ 2013 ወጣ። ሁለቱንም ልንሰማ የቻልነው ድምፃቸው አስቀድሞ ተቀርጾ፣ የያዘውም ሰው ስለጠበቀው ነው። አቀናባሪ ሲሞት ጉዳቱ ይሰፋል። ኤልያስ መልካ መስከረም 2012 በ42 ዓመቱ ሲያልፍ የቴዲ አፍሮን «አቡጊዳ» እና የዘሪቱ ከበደን የመጀመሪያ አልበም ያቀናበሩ እጆች ናቸው የቆሙት። በማንኛውም አቀናባሪ ኮምፒውተር ውስጥ የብዙ ድምፃውያን የተጀመሩ ሥራዎች ይኖራሉ፤ የትኛው ፋይል የማን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መደረግ ያለበትን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ዲስኩ ነው። ትልቁ ስህተት ለቅሶው እንደተነሣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ «እስቲ ምን ትቶ ሄደ?» እያሉ ፋይል መነካካትና ሴቭ ማድረግ ነው። በአሮጌ ሶፍትዌር የተሠራ ሴሽን፣ ማለትም የአንድ ዘፈን ትራኮችና ቅንብር ያሉበት የሥራ ፋይል፣ በአዲሱ ተከፍቶ ሴቭ ከተደረገ ወደ አሮጌው ላይመለስ ይችላል። ምንም ሳይከፈት ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳ፣ ሥራው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ በዚያው ቅጽበት ይነቀል፤ ደጋግሞ ማስነሣት በውስጡ ያለው አንባቢ ክንድ መረጃው የተጻፈበትን ሳህን እንዲፍቀው ማድረግ ነው፣ የተፋቀ ደግሞ ማንም አይመልሰውም። ቅጂው ሦስት ቦታ ይቀመጥ፣ አንዱም ከቤቱ ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ። ፍላሽ ላይ ብቻ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ መቆለፍ አያስተማምንም፤ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ዓመታት ሲቆይ የያዘውን ሊጥል ይችላል።

ቀጥሎ ሴሽኑን በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ እያለ በድምፅ ፋይልነት ማውጣት ነው። ኩቤዝ ወይም ሎጂክ በሚባሉት የሙዚቃ ሶፍትዌሮች የተሠራ ሴሽን ሌላ ስቱዲዮ ሲወሰድ ብዙ ጊዜ ግማሹ ዝም ይላል፤ ከበሮውን የሚያወጣው ፕለጊን (ተጨማሪ ሶፍትዌር) እዚያ ከሌለ የሚቀረው ኖታው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ትራክ ከዘፈኑ የመጀመሪያ ባር (የምት ክፍል) ጀምሮ፣ ዝምታውም ሳይቆረጥ፣ በ24 ቢት ዋቭ ይውጣ። ሁለት ጊዜ ይውጣ፤ አንዴ ከነኢፌክቱ፣ አንዴ ያለ ኢፌክት። የመጀመሪያው ሟቹ የፈለገውን ድምፅ ይነግረናል፣ ሁለተኛው ለሚጨርሰው ሰው ነው። ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ) አይቀየር፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳውን ወደ 48 ማሳደግ ምንም አይጨምርለትም። «ቦታ የለንም» የሚል ሰበብ ደግሞ አይሠራም። አንድ ሞኖ ትራክ በ24 ቢት፣ በ48 ኪሎኸርዝ በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ነው። 40 ትራክ ያለው የ4 ደቂቃ ዘፈን 1.4 ጊጋባይት አይሞላም፤ ሁለቱም ዓይነት ቢወጣ ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ከ300 ዘፈን በላይ ይይዛል።

ስልኩም ጊዜ አይሰጥም። ሲም ካርዱ ሳይሠራ ከቆየ ቁጥሩ ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ የኢሜይሉና የቴሌግራሙ ማረጋገጫ ኮድ እዚያ ሰው እጅ ይገባል። ስለዚህ ሂሳብ እየተሞላ፣ እየተደወለበት ይቆይ። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተገባበትን አካውንት ከነይዘቱ ሊያጠፋ ይችላል፤ ቴሌግራምም ባለቤቱ ሳይገባበት ከቆየ በራሱ የሚሰርዝበት የጊዜ ገደብ አለው። እኛ አገር ዜማ የሚመላለሰው በቴሌግራም ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ስያሜ አንድ ታሪክ ላንሣ፣ ለዋናው ጥያቄም ከማውቀው ሁሉ የተሻለው መልስ እዚያ አለና። ኦስትሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሹበርት እ.ኤ.አ. ኅዳር 19 ቀን 1828 በ31 ዓመቱ ቪየና ውስጥ ሞተ። ብዙዎች ሞት ያቋረጠው አድርገው የሚያስቡት «ያላለቀው» ሲምፎኒው የ1822 ሥራ ነው፤ ትቶት ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሯል። ጽሑፉ ወዳጁ ዘንድ ተቀምጦ ሕዝብ የሰማው በ1865 ነበር። ሞት በእርግጥ ያቋረጠው ሌላ ሲምፎኒ ነው፤ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የነደፈው፣ በዲ ሜጀር ቅኝት የተጻፈ። ከሌሎች ንድፎች ጋር በአንድ ጥቅል ስለተቀመጠ ራሱን የቻለ ሥራ መሆኑ የታወቀው በ1970ዎቹ ነው። ሹበርት ከመሞቱ 15 ቀን በፊት ከመምህር ሲሞን ዜክተር ጋር የካውንተርፖይንት፣ ማለትም ዜማን ከዜማ ጋር አጣምሮ የመጻፍ፣ ትምህርት ጀምሮ ነበር፤ ንድፉም በዚያው መንገድ የተሞላ ነው። ወዴት እየሄደ እንደነበር እናውቃለን ማለት ነው፣ ወረቀቱ ስላልተጣለ። የእኛ ዲስኮች ግን «ኒው 3»፣ «ፋይናል ፋይናል» በሚሉ ፋይሎች የተሞሉ ናቸው። ዋናው ፋይል ስሙ ሳይነካ፣ አጠገቡ ቀን፣ ቴምፖ፣ ቅኝት፣ የግጥምና የዜማ ባለቤት የተጻፈበት ገጽ ይቀመጥ።

የባለቤትነቱ ነገር ካልተጻፈ ሥራው ሳይወጣ በክርክር ይቀራል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው ዕድሜውን ሙሉ፣ ለወራሾቹ ደግሞ ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። ድምፃዊው የዘፈነው የሌላ ሰው ግጥምና ዜማ ከሆነ ግን ቤተሰቡ ብቻውን ሊያወጣው አይችልም፤ ገጣሚውም ያለ ቤተሰቡ እንዲሁ። ማን ምን እንደሠራ ሁሉም ሳይረሱ በአንድ ወረቀት ላይ ይፈርሙ።

ካሴትን አትናቁ። የቢትልሱ ጆን ሌነን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒውዮርክ ቤቱ ውስጥ በፒያኖ እየታጀበ የቀዳው «ናው ኤንድ ዜን» ድምፁና ፒያኖው በአንድ ላይ የተያዙበት፣ የኤሌክትሪክ ጉምጉምታም ያለበት ነበር። የቢትልስ ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ሊጨርሱት ሞክረው ተዉት፤ ፒያኖው ከፍ ሲል ድምፁን ይውጠዋል፣ ፒያኖውን ሲቀንሱ ድምፁም አብሮ ይቀንሳል። በ2022 ግን ሁለቱን የሚለይ ሶፍትዌር ተገኘና ዘፈኑ ኅዳር 2023 ወጣ። ዛሬ «የማይረባ ቅጂ» የተባለ ነገ ሊድን ይችላል፤ ካሴቱ ካልተጣለ። ካሴት ሲገለበጥ መጀመሪያ ቴፑን ጭንቅላቱ ላይ የሚጫነው ትንሽ ስፖንጅ መኖሩ ይታይ፤ ከወደቀ ድምፁ ደብዝዞ ይወጣል፣ ጥፋቱ ግን የቅጂው አይደለም። የማጫወቻው ጭንቅላት በዚያ ካሴት ልክ ይቃና፣ የኖይዝ ማጽጃ ሳይነካው ጥሬው በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ይቀዳ። ማጽዳቱ በቅጂው ላይ ይደርሳል።

ጋይዱን ስለሚጨርሱ ባለሙያዎችም አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ጋይድ ብዙ ጊዜ በግማሽ ድምፅ የተባለ ነው። አንዳንዱ ስንኝ ቃል አልተገኘለትም፣ በ«ላላላ» ያልፋል። እሱን ቆርጦ አውጥቶ አውቶቲዩን የሚባለውን ድምፅ አቃኝ ሶፍትዌር በክሮማቲክ (በአሥራ ሁለቱም የፒያኖ ድምፆች) መጫን ሰውየውን ሁለተኛ መግደል ነው። መሣሪያው እያንዳንዱን ድምፅ ወደ ቅርቡ የፒያኖ ቁልፍ ይጎትታል፤ አንቺሆዬ ውስጥ ድምፃዊው በጉሮሮው ሆን ብሎ ዝቅ ያደረጋት ድምፅ ትቃናና ዘፈኑ አንቺሆዬነቱን ያጣል። አሜሪካዊው ድምፃዊ ኦቲስ ሬዲንግ በ26 ዓመቱ በአውሮፕላን አደጋ የሞተው «ዶክ ኦፍ ዘ ቤይ»ን ቀድቶ በጨረሰ በቀናት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1967 ነበር። መዝጊያው ላይ ቃል የለም፤ ያፏጫል። ሚክሱን የሠራው ጊታሪስቱ ስቲቭ ክሮፐር የማዕበልና የባሕር ወፍ ድምፅ ጨመረበት፣ ፉጨቱን ግን አልነካውም። ዛሬ ሰው ያንን ዘፈን የሚለየው በፉጨቱ ነው። የኛን «ላላላ» እንዲሁ ተዉልን። ቃል መጨመር ግድ ከሆነ ማን እንደጨመረው በሽፋኑ ላይ ይጻፍ። የሟችን ድምፅ በኮምፒውተር አስመስሎ አዲስ ስንኝ ማስዘፈን ከመጣ ደግሞ፣ ቤተሰብ በጽሑፍ ካልፈቀደና ለአድማጭ በግልጽ ካልተነገረ መደረግ የለበትም ባይ ነኝ።

ጋዜጣችሁ ለሚቀጥለው ሙት ዓመት ቤተሰቡንና ስቱዲዮውን ሲያነጋግር ሦስት ጥያቄ ይጨምርልን። ሴሽኖቹ ማን ዘንድ ናቸው? ዲስኩ ለመጨረሻ ጊዜ የበራው መቼ ነው? ግጥሙንና ዜማውን ማን እንደሠራው የተፈረመ ወረቀት አለ?

አክባሪያችሁ፣
የስቱዲዮ ድምፅ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ