ኦክቶፐስ ለሳሎን ገንዳ አይሆንም

ለአዘጋጁ፦

ስምንት እጅ ያለውን የባሕር እንስሳ ኦክቶፐስን በቤት ስለማኖር ያወጣችሁት ጽሑፍ በገንዳው ዋጋ ላይ አተኩሮ፣ እንስሳው ይህን ኑሮ ይችለዋል ወይ የሚለውን ዋና ጥያቄ በአንድ መስመር አልፎታል። ኦክቶፐስ አጥንት ስለሌለው ጠንካራው ምንቃሩ ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ መላ አካሉን ያሾልካል፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ማምለጡ የተሰማው ኢንኪ የተባለ ኦክቶፐስ የኒውዚላንድ ብሔራዊ አኳሪየም (የውኃ እንስሳት ማሳያ) ነዋሪ ነበር፤ በትንሹ ክፍት በቀረ ክዳን ወጥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ በውኃ መውረጃ ቱቦ ወደ ባሕር እንደገባ ይታመናል። ባለሙያዎች ያላቆዩትን እንስሳ እኔ በመስታወት ሣጥን አቆየዋለሁ ማለት ድፍረት ነው።

እኔን ግን ከማምለጡ ይልቅ የሚያሳስበኝ መታሰሩ ነው። የጠርሙስ ክዳን ጠምዝዞ መክፈት የሚችል፣ ያውም አብዛኛው ዝርያ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ብቻ የሚኖር ፍጡር፣ ያችን አጭር ዕድሜ ባዶ መስታወት ሲዳስስ ሊጨርሳት አይገባም። እዚህ ብሪታንያ የ2022ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ኦክቶፐስን ስሜት ካላቸው እንስሳት ቢመድበውም፣ የሚመለከተው የመንግሥትን ፖሊሲ እንጂ የሳሎኑን ገንዳ አይደለም።

ስለዚህ መደብሮች ከባሕር የተያዘ ኦክቶፐስ ለግለሰብ እንዳይሸጡ፣ በእርባታ የተገኘውንም ክዳኑ የሚቆለፍና የውኃው ጥራት ለወራት የተረጋጋ ገንዳ ላላሳየ ገዢ እንዳይሰጡ በሕግ ይደንገግ።

አንባቢያችሁ፣ ከለንደን